ለሬንጅፋይንደር ካሜራ ዋይድ ሌንስ እንዴት ይመረጣል? ከ35 እስከ 15 ሚሊ ሜትር

ዋይድ ሌንስ፣ ማለትም ሰፊ ቦታ የሚያሳይ ሌንስ፣ ገዝተው ብዙም ሳይቆዩ የሚሸጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሌንሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። የምርጫው ቅደም ተከተል ስለተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ሌንሱን ያያሉ፤ ጥራቱን፣ የአፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ) ስፋት፣ የብረቱን ውበት። ወደ ካሜራቸው የሚመለሱት ከዚያ በኋላ ነው። በሬንጅፋይንደር ግን መጀመር ያለበት ከካሜራው ነው። በዚህ ካሜራ የምናየው በሌንሱ ውስጥ ሳይሆን ከሌንሱ በላይ፣ በጎን በኩል ባለች ትንሽ መስኮት ነው። መስኮቷ የማታሳያችሁን ሌንስ ከገዛችሁ፣ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን የምታነሱት በግምት ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ዋይድ ሌንስ 21 ሚሊ ሜትር ነበር። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ የሚያሳየው ይሰፋል። ሌንሱ ምንም አልጎደለውም። እኔ ግን ሰውን ከሦስት ሜትር ርቀት ማንሳት የለመድኩ ነበርኩ። በ21 ደግሞ በሦስት ሜትር ላይ የቆመ ሰው የፍሬሙን ቁመት ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚይዘው። ሌንሱ ዓመት ሙሉ ከቦርሳ ሳይወጣ ቆየ። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ዓመት እንዳያሳልፍ ነው።

ደረጃዎቹን በተራ ሥሩ። ሌንስ የምንመርጠው 4ኛው ላይ ስንደርስ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን መዝለል ያምራል፤ አትዝለሏቸው።

ቀድማችሁ አዘጋጁ

- ካሜራችሁን። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ መነጽራችሁንም።
- ሜትር። አምስት ሜትር የሚደርስ ይበቃል።
- የኤ4 ወረቀት የሚያህል ጠንካራ ካርቶን፣ ማስመሪያ፣ መቁረጫና አንድ ሜትር ሲባጎ።
- ራሳችሁ ያነሳችኋቸው 100 ፎቶዎች። የወደዳችኋቸው ብቻ አይሁኑ፤ ያልተሳኩትም ይኑሩበት።
- ማስታወሻ ደብተር።

ደረጃ 1፦ የካሜራችሁን ቪውፋይንደር እወቁ

ሁለት ነገር ጻፉ። አንደኛው ቪውፋይንደሩ፣ ማለትም የምናይባት መስኮት፣ ነገሮችን ስንት እጥፍ አድርጎ እንደሚያሳይ ነው። ሁለተኛው የትኞቹ ፍሬም መስመሮች፣ ማለትም እያንዳንዱ ሌንስ የሚያነሳውን ስፋት በመስኮቷ ውስጥ የሚያሳዩ መስመሮች፣ እንዳሉት ነው።

ቁጥሩ ወደ 1 ሲጠጋ ነገሮች ተልቀው ይታያሉ፣ ፎከስ ማድረግም ይቀላል። በዚያው ልክ ግን የሚታየው ስፋት ይጠባል። ለዋይድ ሌንስ የሚስማማው ዝቅተኛው ቁጥር ነው። የታወቁትን ካሜራዎች ብናይ፦

- ላይካ ኤም3፦ 0.91። መስመሮቹ 50፣ 90 እና 135 ናቸው። የ35 መስመር እንኳ የለውም።
- ላይካ ኤም2፦ 0.72። 35፣ 50 እና 90።
- ላይካ ኤም6፦ በተለመደው ዓይነቱ 0.72። ከ28 ይጀምራል።
- ዛይስ ኢኮን፣ ኤም ማውንት (የላይካ ኤም የሌንስ መሰኪያ) ያለው፦ 0.74። ይህም ከ28 ይጀምራል።
- ሚኖልታ ሲኤልኢ፦ 28፣ 40 እና 90።
- ፎክትሌንደር ቤሳ አር4፦ 0.52። ከ21 ይጀምራል። ለዋይድ ሌንስ ታስቦ የተሠራ ነው።

ከላይካ ኤሞች መካከል የ28 መስመር የመጣው ከኤም4-ፒ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ኤም ካላችሁ 28 ስትገዙ ካሜራው አናት ላይ የሚሰካ ውጫዊ ቪውፋይንደርም አብራችሁ ለመግዛት አስቡ።

አሁን በዓይናችሁ ፈትኑት፦

1. ካሜራው የፍሬም መምረጫ ማንሻ ካለው በጣት ገፋ አድርጉትና ዋይዱን መስመር አምጡ። ማንሻ ከሌለው ሌንስ በሚሰካበት ጊዜ ብቻ ስለሚታይ ሌንስ ተውሳችሁ ሞክሩ።
2. ሁልጊዜ እንደምታደርጉት ዓይናችሁን አስጠጉ። መነጽራችሁን አታውልቁ።
3. ዓይናችሁን ሳታንቀሳቅሱ አራቱን ማዕዘኖች ለማየት ሞክሩ።
4. ውጤቱን ጻፉ፦ "አራቱም ይታያሉ"፣ "ዓይኔን ካዞርኩ ይታያሉ"፣ "አይታዩም"።

መነጽር የሚያደርግ ሰው በ0.72 ቪውፋይንደር የ28ን መስመር ሙሉ ለሙሉ ማየት ይከብደዋል። ይህ ብቻውን ምርጫውን ወደ 35 ሊገፋው ይችላል። ሲገፋውም አትናደዱ። ፍሬሙ ሙሉ የሚታየው 35፣ ጠርዙ ከሚጠፋው 28 ብዙ የተሻለ ፎቶ ይሰጣል።

"አይታዩም" ካላችሁ፦ መንገዱ ሦስት ነው። 35 ላይ መቆየት፣ ውጫዊ ቪውፋይንደር መጨመር፣ ወይም የቪውፋይንደር ቁጥሩ ዝቅ ያለ የካሜራ አካል መፈለግ። ለምሳሌ ኤም6 ቲቲኤል የተባለው ዓይነት በ0.58ም ተሠርቷል። የዓይን ቁጥራችሁ የሚስተካከል ከሆነ በቪውፋይንደሩ ላይ የሚጠመድ የዳዮፕተር ሌንስም አለ። መነጽሩን አውልቃችሁ ማየት ያስችላችኋል።

ደረጃ 2፦ የድሮ ፎቶዎቻችሁን ቁጠሩ

100ዎቹን ፎቶዎች ዘርግታችሁ በሦስት ክፈሏቸው።

- ወደ ኋላ መሄድ ፈልጋችሁ ግድግዳ ወይም ሰው የከለከላችሁ። እግር፣ ጣሪያ ወይም ከዳር ያለ ሰው ተቆርጦባቸዋል።
- ባዶ ቦታ የበዛባቸው። መቅረብ ነበረባችሁ፤ አልቀረባችሁም።
- ልክ የሆኑት።

ሁለተኛው ክምር ከበዛ ተጠንቀቁ። ዋይድ ሌንስ ይህን ችግር አያድነውም፤ ያባብሰዋል። ከ35 አትውረዱ። የመጀመሪያው ክምር ከበዛ ግን ካነሳችሁበት ሌንስ ይበልጥ የሰፋ፣ ለምሳሌ 28 ወይም 21፣ በእርግጥ ያስፈልጋችኋል ማለት ነው።

አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። የብዙ ስልኮች ዋና ካሜራ የሚያሳየው ስፋት ከ24 እስከ 28 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያሳየውን ያህል ነው። በስልክ ስታነሱ ሁልጊዜ እየቆረጣችሁ የምታጠቡ ከሆነ፣ እጃችሁ ከ28 ጠበብ ያለ ነገር እየፈለገ ነው።

ደረጃ 3፦ ካርቶኑን ቁረጡና ርቀታችሁን ለኩ

ከመመሪያው ሁሉ የምወደው ይህን ደረጃ ነው። ሌንስ ሳትገዙ፣ ሳትዋሱ፣ እያንዳንዱ ሌንስ ምን ያህል እንደሚያሳይ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

1. በካርቶኑ መሃል 18 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቁረጡ። የፊልሙ መጠን፣ ማለትም 36 በ24 ሚሊ ሜትር፣ አምስት እጥፍ ነው።
2. ሲባጎውን ከቀዳዳው ጠርዝ አጠገብ እሰሩ።
3. ከካርቶኑ እየለካችሁ ሲባጎው ላይ ቋጠሮ አድርጉ፦ በ17.5 ሴንቲ ሜትር ለ35፣ በ14 ለ28፣ በ12 ለ24፣ በ10.5 ለ21።
4. አንድ ዓይን ጨፍኑ። የፈለጋችሁትን ቋጠሮ በተከፈተው ዓይን ጎን፣ ከዓይኑ ብሌን ጋር በትክክል ትይዩ አድርጋችሁ ያዙ። ሲባጎው እስኪወጠር ካርቶኑን ወደ ፊት ግፉ።
5. በቀዳዳው የምታዩት፣ ሌንሱ የሚያነሳው ነው።

ጥንቃቄ፦ ቋጠሮውን አፍንጫ ወይም ጉንጭ ላይ አታድርጉት። አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ስህተት በ21 ላይ ሙሉ ሌንስ የሚያህል ልዩነት ያመጣል።

አሁን ቤት ውስጥና ውጪ ተዘዋወሩ። የሚታገሣችሁ ሰው አቁሙ። በ35 ቋጠሮ ያማረ እስኪሆን ቅረቡና ቁሙ። ርቀቱን በሜትር ለኩና ጻፉ። በ28 ድገሙት። በ21 ድገሙት። ለሰውዬው የሚሰማችሁንም ጻፉ። "እዚህ ድረስ መቅረብ አልችልም" የሚል ስሜት ከመጣ እውነተኛ መረጃ ነው።

ስሌቱን ለሚወድ፦ የፍሬሙ አግድም ስፋት ርቀቱ በ36 ተባዝቶ ለሌንሱ ቁጥር ሲካፈል ነው። በሦስት ሜትር ርቀት 35ቱ 3.1 ሜትር ያህል ያሳያል። 28ቱ 3.9፣ 24ቱ 4.5፣ 21ዱ 5.1 ሜትር። 15ቱ ደግሞ 7.2 ሜትር።

ካሜራችሁ ዲጂታል ሆኖ ሴንሰሩ (በፊልም ፈንታ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ከፊልም ያነሰ ከሆነ፦ ቁጥሮቹ ይለወጣሉ። በላይካ ኤም8 የሌንሱን ቁጥር በ1.33 አባዙ፤ 21 ወደ 28 ይጠጋል፣ 28 ደግሞ 37 ያህል ይሆናል። በኤፕሰን አር-ዲ1 በ1.5 ገደማ አባዙ። በፊልምና በሙሉ ፍሬም ሴንሰር ምንም አይለወጥም።

ደረጃ 4፦ አንዱን ቁጥር ምረጡ

ደብተራችሁን ክፈቱ። ሦስቱ ደረጃዎች አንድ ቁጥር ላይ ከተስማሙ ጨርሳችኋል። ካልተስማሙ እንዲህ ወስኑ።

*35* የሚሆነው ሰውን ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሦስት ሜትር ለምታነሱ፣ መነጽር ለምታደርጉ፣ ወይም አንድ ሌንስ ብቻ ለሚኖራችሁ ነው። ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው ፊቱ ብዙም አይለጠጥም።

*28* ሰው መሃል ገብቶ የሚያነሳ ሰው ሌንስ ነው። ከሰውዬው ጋር ያለበትንም ቦታ ያሳያል። ግን እግራችሁ ይሥራ። በ35 የያዛችሁትን ሰው በዚያው መጠን በ28 ለማግኘት ርቀቱን በአንድ አምስተኛ ማሳጠር አለባችሁ። ሁለት ሜትር የነበረው 1.6 ይሆናል። በካርቶኑ ሙከራ እዚያ ድረስ ከቀረባችሁና ሳትሸማቀቁ ከቆማችሁ፣ 28 ግዙ። እኔ ዛሬ አንድ ዋይድ ብቻ ያዝ ብባል 28ን እይዛለሁ፤ ያንን ለማለት የበቃሁት ግን ሁለት ዓመት በ35 ከሠራሁ በኋላ ነው።

*24 ወይም 25* ጥሩ ስፋት ነው። ችግሩ ቪውፋይንደር ነው። መስመሩ ያላቸው አካላት ጥቂት ናቸው፤ ቤሳ አር4 አንዱ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ውጫዊ ቪውፋይንደር ሊጠቀም ይገደዳል። ውጫዊ መጠቀማችሁ ካልቀረ፣ ይበልጥ የሚለየውን 21 ብትይዙ ይሻላል።

*21* ለጠባብ ክፍል፣ ለሕንፃና ለሰፊ መልክዓ ምድር ነው። ሁለተኛ ሌንስ እንጂ የመጀመሪያ አታድርጉት።

*15* ለልዩ ሥራ ብቻ። ካሜራው ትንሽ ካዘነበለ ሁሉም ነገር ይዘነብላል።

ሁለት ሌንስ ለመያዝ ካሰባችሁ 35 ከ21 ጋር፣ ወይም 50 ከ28 ጋር አጣምሩ። 35 እና 28 አብሮ መያዝ ትርፉ ትንሽ ነው። የትኛውን ልሰካ እያላችሁ ፎቶው ያመልጣችኋል።

ደረጃ 5፦ የአፐርቸሩን ስፋት ወስኑ

ብዙ ገንዘብ ያለምክንያት የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ አፐርቸሩ ይሰፋል። ከኤፍ 2.8 ወደ ኤፍ 1.4 መሄድ ሁለት ስቶፕ ነው፤ እያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል። አራት እጥፍ ብርሃን ታገኛላችሁ። ግን ሌንሱ ይተልቃል፣ ይከብዳል፣ ቪውፋይንደሩንም ይጋርዳል። ሬንጅፋይንደር ላይ ትልቅ ሌንስ የሚከብደው ለትከሻ ብቻ አይደለም። በመስኮቷ ታችኛ ቀኝ ጥግ በኩል ይገባና የፍሬሙን ማዕዘን ይበላል። ሁድ (የሌንስ ጥላ) ሲጨመርበት ይብሳል።

እነዚህን ጥያቄዎች በተራ ጠይቁ፦

1. ብዙውን ጊዜ የምታነሱት በቀን ብርሃን ነው? ከሆነ ኤፍ 2.8 ወይም ኤፍ 4 ይበቃል። ትንሹን ግዙ።
2. በምሽት ወይም ደብዛዛ ቤት ውስጥ፣ ያውም በፊልም ታነሳላችሁ? ኤፍ 2 ፈልጉ።
3. ኤፍ 1.4 የምትፈልጉት የኋላው እንዲደበዝዝ ነው? ከሆነ ከመወሰናችሁ በፊት ቁጥሩን እዩ። 28 ሚሊ ሜትር ሌንስ በሁለት ሜትር ላይ ፎከስ ሲደረግ፣ በኤፍ 2.8 ከ1.65 እስከ 2.5 ሜትር ገደማ ጥርት ብሎ ይታያል። በኤፍ 1.4 ከ1.8 እስከ 2.25። ልዩነት አለ፤ ግን 50 ሌንስ እንደሚያደበዝዘው አይሆንም።

መጋረዱን በወረቀት ፈትኑ፦ የሌንሱን ርዝመትና የፊቱን ስፋት ከሻጩ ጠይቁ። በዚያ ልክ ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ሌንሱ ወጥቶ ክዳን በተገጠመበት ካሜራ ፊት ያዙት። በቪውፋይንደሩ ተመልከቱ። የፍሬሙ ሩብ ያህል ከተጋረደ ሌላ ሌንስ ፈልጉ።

አፐርቸራቸው በጣም ሰፊ በሆኑ ሌንሶች ላይ አንድ ሌላ ነገር ልብ በሉ። አንዳንዶቹ አፐርቸሩ ሲጠብ የፎከሳቸው ቦታ ይሸሻል። በኤፍ 1.4 ልክ የነበረው፣ በኤፍ 2.8 ወይም 4 ከሰውዬው ኋላ ይሄዳል። የፎክትሌንደር ኖክተን 35 ኤፍ 1.4 በዚህ ይታወቃል። በሌንሱ ውስጥ ለሚያይ ካሜራ ችግሩ ይታያል፤ ሬንጅፋይንደር ግን ምንም አይነግራችሁም።

ደረጃ 6፦ ፊልም ነው ዲጂታል?

የዋይድ ሌንስ ምርጫ በሁለቱ መካከል በጣም ይለያያል።

በሬንጅፋይንደር ውስጥ የሚገለበጥ መስታወት ስለሌለ የሌንሱ የኋላ ክፍል ወደ ፊልሙ በጣም ሊቀርብ ይችላል። በኤም ማውንት ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ 27.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የድሮ ዲዛይነሮች ይህን ተጠቅመው ትንንሽ፣ መስመር የማያጣምሙ ሌንሶች ሠሩ። ሱፐር አንጉሎን 21 ከዚህ ዓይነት ነው። ለፊልም ግሩም ናቸው።

ሴንሰር ላይ ግን ብርሃኑ ከዳር በኩል በጣም ተጋድሞ ይመጣል። ሴንሰር ይህን አይወድም። ውጤቱ ጠርዝ ላይ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም፣ የጨለመ ማዕዘን፣ የተቀባ የሚመስል ዳር ነው።

- ፊልም ብቻ ከሆናችሁ ከድሮዎቹም ከአዲሶቹም ምረጡ። አንድ ነገር ግን አረጋግጡ፦ የኋላ መስታወታቸው ወደ ውስጥ በጣም የሚገባ ሌንሶች የካሜራውን የብርሃን መለኪያ ይጋርዳሉ። ያኔ የእጅ መለኪያ ያስፈልጋል።
- የላይካ ዲጂታል ካላችሁ ለዲጂታል ተብሎ የታደሰውን ሌንስ ፈልጉ። ለምሳሌ የፎክትሌንደር 15 ሚሊ ሜትር ሦስተኛው ዓይነት በዲጂታል ላይ ከቀደሙት ሁለቱ በግልጽ ይሻላል። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ አትግዙ፤ ስንተኛው ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ።
- በአዳፕተር (ማገናኛ) ሌላ ሚረርለስ (የሚገለበጥ መስታወት የሌለው ዲጂታል) ካሜራ ላይ ልትሰኩት ካሰባችሁ ይበልጥ ተጠንቀቁ። በሴንሰሩ ፊት ያለው መስታወት ከላይካው ስለሚወፍር የዋይድ ሌንስ ዳር ይደበዝዛል። 50 ላይ የማይታይ ችግር 21 ላይ ጎልቶ ይወጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ የኋላ መስታወቱ ብዙ የሚወጣ ሌንስ ስትሰኩ በፍጹም አትግፉ። ሶቪየት ሠራሹ ጁፒተር-12 ከእነዚህ አንዱ ነው። ላይካ ኤም5 እና ሲኤል ደግሞ ከሌንሱ ኋላ የሚወጣ የመለኪያ ክንድ አላቸው፤ ሌንሱ ሊመታው ይችላል። ጥቂት እንኳ ከተቃወመ አቁሙና አውጡት።

ደረጃ 7፦ ማውንቱንና ግንኙነቱን አረጋግጡ

የኤም ሌንስ በኤም አካል ላይ በቀጥታ ይገባል። በጥርስ የሚታሰረው ኤም39 ደግሞ በቀጭን አዳፕተር ይሰካል። አዳፕተሩ የሚያመጣው ፍሬም መስመር ስለሚለያይ በትክክል ምረጡ፦ ለ28 "28/90" የሚለውን፣ ለ35 "35/135" የሚለውን። ከተሳሳተ ሌንሱ ይሠራል፤ የምታዩት መስመር ግን የሌላ ሌንስ ነው።

ሌንሱ ከሬንጅፋይንደሩ፣ ማለትም ርቀቱን ከሚለካው የካሜራው ክፍል፣ ጋር መገናኘቱን ጠይቁ። የመጀመሪያው ባለጥርስ ፎክትሌንደር 15 ግንኙነት የለውም፤ ርቀቱን በዓይን ገምታችሁ ነው የምታስገቡት። በ15 ይህ ብዙ አይጎዳም። በ28 ግን እምቢ በሉ።

አጭሩን የፎከስ ርቀትም እዩ። አብዛኞቹ የኤም አካላት እስከ 0.7 ሜትር ይከተላሉ። ሌንሱ እስከ 0.5 ቢቀርብም ከ0.7 በታች ያለውን በስክሪን ካላያችሁ አትጠቀሙበትም።

ደረጃ 8፦ ያገለገለ ሌንስ ከሆነ በእጃችሁ መርምሩ

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. አፐርቸሩን ሙሉ ክፈቱ። የስልክ መብራት ከኋላ አብርታችሁ ከፊት በኩል ሰያፍ አድርጋችሁ እዩ። ጥቂት አቧራ ችግር የለውም። እንደ ጉም ያለ ነጭ ድባብ፣ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ፣ ወይም ከዳር የጀመረ ቀስተ ደመና ካለ ተዉት።
2. የኋላውን መስታወት ለብቻው እዩ። ጭረት እዚህ ከፊቱ ይልቅ ይጎዳል።
3. አፐርቸሩን ከዳር እስከ ዳር አዙሩ። ቅጠሎቹ ላይ ዘይት አለ?
4. የፎከስ ቀለበቱን አዙሩ። መንቀጥቀጥ ወይም መሃል ላይ መያዝ የለበትም። የጣት ማረፊያ ካለው ደስ ይበላችሁ፤ ከለመዳችሁት በኋላ ሳታዩ ርቀቱን በጣት ታውቃላችሁ።
5. ካሜራችሁ ላይ ሰኩት። ከብዙ መቶ ሜትር የራቀ ቀጥ ያለ ነገር፣ እንደ ምሰሶ ያለ፣ ፈልጉ። ሌንሱን ወደ ኢንፊኒቲ (የመጨረሻው ሩቅ ምልክት) አዙሩ። በመስኮቷ መሃል የሚታዩት፣ ፎከስ ሲሆን አንድ የሚሆኑት ሁለቱ ምስሎች መጋጠም አለባቸው።
6. በአንድ ሜትር ላይ ማስመሪያ አጋድማችሁ አስቀምጡ። መሃሉ ላይ ፎከስ አድርጋችሁ ሙሉ በተከፈተ አፐርቸር አንሱ። ከዚያ በኤፍ 2.8፣ 4 እና 5.6 ፎከሱን ሳትነኩ ድገሙ። የፎከስ መሸሽ ካለ እዚህ ይታያል።

5ኛው ካልተሳካ፦ ወዲያው ሌንሱን አትክሰሱ። በሌላ ሌንስ ሞክሩ። ሁለቱም ካልገጠሙ የካሜራው ሬንጅፋይንደር መስተካከል አለበት። ያኛው ገጥሞ ይሄኛው ካልገጠመ ሌንሱ ነው። ባለጥርስ ከሆነ አዳፕተሩንም ቀይራችሁ እዩ።

ፊልም ብቻ ለሚያነሳ 6ኛው ሙከራ ታጥቦ እስኪወጣ ያስጠብቃል። የመመለሻ ቀን ያለው ግዢ የምመርጠው ለዚህ ነው።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያው ሳምንት

የዋይድ ሌንስ ትልቁ ጥቅም ፎከስ ሳታደርጉ ማንሳት መቻላችሁ ነው። በኤፍ 8 ሌንሱን በሚከተለው ርቀት ላይ አስቀምጡና ተዉት።

- 35፦ በ5.1 ሜትር። ከ2.6 ሜትር ጀምሮ እስከ ሩቁ ጥርት ይላል።
- 28፦ በ3.3 ሜትር። ከ1.65 ጀምሮ።
- 24፦ በ2.4 ሜትር። ከ1.2 ጀምሮ።
- 21፦ በ1.9 ሜትር። ከ0.95 ገደማ ጀምሮ።

ይህ ስሌት ምን ያህሉ ጥርት ብሏል ለማለት የሚያገለግለውን የድሮውን የፊልም መለኪያ ይከተላል። ብዙ ሜጋፒክስል ባለው ዲጂታል ላይ ጠበቅ አድርጉት፦ አፐርቸሩ ኤፍ 8 ከሆነ ጥርት የሚለውን ርቀት ለማሳየት በሌንሱ ላይ ከተቀረጹት ምልክቶች የ5.6ን ተከተሉ።

ሳምንቱን በሙሉ ሌንሱን አትቀይሩ። በየቀኑ ቢያንስ አሥር ፎቶ ከሁለት ሜትር በታች ሆናችሁ አንሱ። ውጫዊ ቪውፋይንደር ካላችሁ ተራውን ልመዱ፦ ፎከስ በካሜራው መስኮት፣ ከዚያ ፍሬም በውጫዊው። ከአንድ ሜትር ተኩል በታች ስትቀርቡ ውጫዊው ከሌንሱ ከፍ ያለ ስለሆነ ከፎቶው ታችኛ ክፍል የማታዩት ነገር ይገባል፤ ከላይ ደግሞ ራስ ይቆረጣል። ስለዚህ በቅርብ ርቀት ካሜራውን ትንሽ ቀና አድርጉ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ከሩቅ ሳነሳ ከመስመሩ ውጪ የነበረ ነገር ይገባብኛል። ስህተት የለም። ፍሬም መስመሮቹ የተሰሉት ለቅርብ ርቀት ስለሆነ በሩቅ ሌንሱ ከመስመሩ ሰፋ ያለ ያነሳል። ለሩቅ ነገር የመስመሩን ውጫዊ ጠርዝ ተከተሉ።

ሕንፃው ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል። ካሜራውን ቀና አድርጋችኋል። ደረጃ ውጡ ወይም ራቁ፤ ካሜራውን ቀጥ አድርጉና የበዛውን መሬት በኋላ ቁረጡ።

ከዳር ያሉ ሰዎች ወፍራም ሆነው ወጡ። በ28 ይጀምራል፣ በ21 ይብሳል። የሌንስ ጉድለት አይደለም። የቡድን ፎቶ ስታነሱ ከሁለቱም ዳር ባዶ ቦታ ተዉ፤ ሰዎቹንም በትንሽ ቅስት አቁሙ።

ጠርዙ ሐምራዊ ሆነ። ከኤም8 በኋላ የመጣ ዲጂታል ላይካ ከሆነ በሜኑው የሌንሱን ስም በእጅ ምረጡ፤ ካሜራው ያርመዋል። በዝርዝሩ ከሌለ የሚቀርበውን ሞክሩ። አልጠፋ ካለ ተመሳሳይ አፐርቸር ላይ ነጭ ወረቀት አንሱና በማረሚያ ሶፍትዌር እንደ መነሻ ተጠቀሙበት፤ ወይም እነዚያን ፎቶዎች ጥቁርና ነጭ አድርጓቸው።

ኢንፊኒቲ ልክ ነው፣ ቅርቡ ግን ይስታል። ራሳችሁ ካሜራውን አትፍቱ። ኢንፊኒቲውና ቅርቡ ተለያይተው የሚስተካከሉ ናቸው፤ አንዱን ስትነኩ ሌላው ይናጋል። ሌንሱንና ካሜራውን አብራችሁ ለባለሙያ ስጡ። እስኪመለስ ድረስ በኤፍ 8 እና በደረጃ 9 ርቀቶች ሥሩ።